ሀርሜ እንዴት ናት?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ቁጥር ግን በየቀኑ እጽፋለሁ። በምሠራበት የዘይት ፋብሪካ ማሽኖቹን እየዞርኩ ሙቀታቸውንና ንዝረታቸውን እለካለሁ፤ የለካሁትን ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ እጽፋለሁ። ሰውን መጻፍ ከዚህ እንደሚከብድ የገባኝ አሁን ወረቀት ፊት ስቀመጥ ነው። ቁጥር ተጽፎ ካለቀ አለቀ፤ ሰው ግን ጽፌ ሳልጨርሰው ሌላ ነገሩ ትዝ ይለኛል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ቃል ቢወላገድብኝ እለፉኝ።

ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰሞኑን ኦቦ ገመቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየሳቁ ወደ ማሽን ክፍሉ ገቡ። ኦቦ ገመቹ ዋና መካኒካችን ናቸው፤ ሲስቁ ማየት አልተለመደም።

«ሌንሴ ደወለች!» አሉ በማሽኖቹ ጩኸት ላይ። «ስኳር ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ዕቅድ ኃላፊ አደረጓት! የኛዋ ሌንሴ!»

ሠራተኛው ሁሉ ከበባቸው። ስልኩ ላይ ፎቶ ነበር። ሌንሴ ነጭ ሄልሜት አድርጋ፣ የአክስቴን ቤት የሚያህል ማሽን አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ሞላ የሚባለው ኦፕሬተር እንደ ሰርገኛ እናት እልል አለ። እኔ የወደቀ ጨርቅ ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። የወደቀ ጨርቅ አልነበረም።

«ለአንቺም ሰላም ብላሻለች፣ ሰዓዳ» አሉኝ።

ለእሳቸው ደወለች፤ ለእኔ ሰላም አለች። የቀረውን ቀን ይህንኑ ሳመነዥግ ዋልኩ። አንባቢ እንዳይደክም ከአሁኑ ልናገር። የማልረሳት ሰው ሌንሴ ናት፤ የማልረሳትም ስለምቀናባት ነው። ካየኋት ቀን ጀምሮ ቀናሁባት፤ ዛሬም እቀናባታለሁ።

ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ወደ አንገር በኩል የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ነቀምቴ የመጣሁት በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ወደምትኖረው አክስቴ ነው፤ ፋብሪካው የቀጠረኝም ለጽዳት ነበር። በሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ሰላም ሲሉኝ መሬት መሬት እያየሁ «ደህና፣ አልሃምዱሊላህ» ብዬ አልፋለሁ። በኦሮምኛ ሰላም ካሉኝም «ፈያ» እላለሁ፣ ያው ደህና ማለት ነው፤ ከዚያ መጥረጊያዬን እይዛለሁ። ሰው ኩሩ ነች ይለኛል። ኩራት ቢሆንማ እንዴት ጥሩ ነበር።

ፋብሪካው ኑግ ይጨምቃል። ኑጉ መጀመሪያ የሚገባው ትልቋ መጭመቂያ ውስጥ ነው፤ ትንንሾቹ ከእሷ የተረፈውን ነው የሚጨምቁት። ስለዚህ እሷ ከቆመች ሁሉም ይቆማል። ስሟን ሀርሜ ብለዋታል፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ሁላችንንም የምታበላን እሷ ናት ለማለት ነው።

ሌንሴ ከመምጣቷ በፊት እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የእኔ የምለው አንድ ነገር ነበር። ኦቦ ገመቹ ረጅም ካቻቢቴ አላቸው። ጫፉን ሀርሜ ኩሽኔታ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይደግፋሉ፤ የውስጧ ድምፅ በብረቱ በኩል ይመጣል። ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው፣ ውስጡ ኳሶች ያሉት ቀለበት ነው። አንድ ቀን ስጠርግ አዩኝና «ኢንተላ፣ ነይ ስሚ» አሉኝ። ኢንተላ ልጅት ማለት ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝናብ በሩቅ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማውን ይመስላል።

«ምን ትላለች?»

«ዝናብ ትላለች» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይጠሩኝ ነበር። ሌላ ጠራጊ አይጠሩም፤ ኦፕሬተርም አይጠሩም። እኔን ነው።

ከዚያ ሌንሴ መጣች። የሲሬ ልጅ ናት፤ ብትበልጠኝ በጥቂት ነው። ኮሌጅ ተምራ፣ የማሽኖቹ ብልሽት ሳይደርስ የሚታወቅበትን የክትትል ዕቅድ እንድታወጣ ተቀጥራ ነው የመጣችው። ሰማያዊ ቱታዋ ልኳ ነበር። ይህን የምለው የፋብሪካው ቱታ ለማንም ልክ ሆኖ ስለማያውቅ ነው፤ የእኔ እጅጌ እስካሁን ይታጠፋል። በአንድ እጇ እስክሪብቶ የሚመስል የንዝረት መለኪያ፣ በሌላው ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ ይዛ ገባች። የሀርሜ ኦፕሬተር ሞላ ሽጉጡን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ሰጣት።

«ለኪኝ እህቴ። ሳል የለብኝም።»

«ላንተ አይደለም፤ ለሀርሜ ነው።»

«ሀርሜን ደግሞ ኮሮና ያዛት?»

«እኔ እንጃ። ትስላለች?»

«ኧረ እሷ ምን ትሆናለች! ብትስልም እኔ ላይ ነው፣ ይኸው ዘይት የጠጣ ሸሚዜን እዪው።»

ሌንሴ ሳቀች። ሳቋ ከሀርሜ በላይ ይሰማል። በዚያች ደቂቃ ሰው ሁሉ ወደዳት። እኔ እግራቸው ሥር ስጠርግ ኖሬ ስሜን የሚያውቀው ግማሹ ነው።

መጀመሪያ ያደረገችው መለካት አልነበረም፤ መጠየቅ ነበር። ያገኘችውን ሁሉ «የትኛዋ ብትቆም ነው ሁላችሁም እጃችሁን አጣጥፋችሁ የምትቀመጡት?» ትላለች። «የትኛዋ ብትበላሽ ነው መለዋወጫዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠበቀው?» እንዲህ እያለች ማሽኖቹን ለየቻቸው። በየቀኑ የሚታዩ አሉ፣ በየሳምንቱ የሚታዩ አሉ፣ እስኪበላሹ ቢተዉ ብዙ የማይጎዱም አሉ። ትንሿን ማራገቢያ ከመጨረሻዎቹ ጋር ስትጽፋት ኦቦ ገመቹ ተቆጡ።

«እንዴት ማሽን እስኪበላሽ ይተዋል?»

«ኦቦ ገመቹ፣ ሁሉንም እኩል እንጠብቅ ካልን ሀርሜ ጋ ስንደርስ ደክሞናል። ማራገቢያዋ ብትሞት ከገበያ ሌላ እንገዛለን። ሀርሜን ግን ከየት ይገዟታል?»

ኦቦ ገመቹ ማራገቢያዋን እንደተጻፈች ተዉዋት። እኔ በፊታቸው ላይ እንደተሸነፉ ሳይሆን እንደወደዷት አየሁ።

አንድ ንግግሯን የፋብሪካው ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጣቶቿን እያጠፈች ነው የምትናገረው። «ማሽን በአንድ ጊዜ አትሞትም። መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች፤ ያኔ የሚያውቅባት መለኪያው ብቻ ነው። ቀጥሎ ድምፅ ታወጣለች፤ ያኔ ኦቦ ገመቹ ያውቁባታል። ቀጥሎ ትግላለች፤ ያኔ የነካት ሰው ያውቅባታል። ከዚያ ትጨሳለች።» እዚህ ላይ የቀረችውን አውራ ጣቷን ወደ ሞላ ትቀስራለች። «ያኔ ሞላ ያውቅባታል።» ሰው ይስቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚስቀው ሞላ ራሱ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከመንቀጥቀጧ እስከ መጨሷ ያለችው ጊዜ ናት የእኛ። በየስንት ጊዜው እንደምናያት የሚወስነውም እሱ ነው። ጊዜው አጭር ከሆነ ቶሎ ቶሎ እናያታለን» ትላለች።

ኦቦ ገመቹ ካቻቢቴውን የሰጧት በመጣች በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። አጠገባቸው እየጠረግሁ ነበር። ሌንሴ ስታዳምጥ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክስና አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ትመስላለች። ያምርባታል። እኔ በአክስቴ መስታወት ፊት ሞክሬው ጥርሱን ያመመው ሰው መሰልኩ።

«ምን ትላለች?» አሏት። እኔን የሚጠይቁኝን ጥያቄ።

«ኩሽኔታው ገና ጉልበት አለው። ግሪስ ግን ጠምቷታል።»

ኦቦ ገመቹ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «ጋሪዳ፣ ኢንተላ ኮ።» ጥሩ ነው፣ ልጄ።

ኢንተላ ልጅት ነው ብያለሁ። ኢንተላ ኮ ግን ልጄ ነው። ልዩነቱ አንዲት «ኮ» ናት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ብረት ላይ ተደግፌ ያላገኘኋትን «ኮ» እሷ ገና ቱታዋ ሳይቆሽሽ አገኘቻት። አንዲት ፊደል ምን ትጎዳለች የሚል ይኖራል። ዛሬም ትቆረቁረኛለች።

ከዚያ ሰሌዳው ተሰቀለ። መጀመሪያ የማሽኗ ስም፣ ቀጥሎ ምኗ እንደሚታይ፣ በየስንት ጊዜው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚያያት ሰው ስም። ሀርሜ መስመር ላይ የተጻፈው ሞላ ነው፤ የቀሩትም ኦፕሬተሮች ናቸው። ሥራውን «ዙር» አሉት። «ዙር ላይ ነኝ» ይላሉ፣ ቀና ብለው። ሰሌዳውን በጨርቅ የማጸዳው እኔ ስለሆንኩ ስሞቹን ሁሉ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ጠራጊ ዙር ይሰጠኛል ብሎ አይጠብቅም፤ እኔ ግን ጠበቅሁ። ስሜ እዚያ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ ሌላ ነገር የፈለግሁ አይመስለኝም።

ሌንሴ ጠዋት ስታገኘኝ ቆም ትላለች። «ሰዓዳ፣ እንዴት ነሽ? የምትፈልጊው ነገር አለ?» በአማርኛ ነው የምታናግረኝ፤ ለዚያውም የእኛን የወሎዎቹን ለዛ እየጨመረችበት።

«ምንም። ደህና፣ አልሃምዱሊላህ።»

ትንሽ ታየኛለች፤ ትሄዳለች።

ያኔ አሠራሩ እንዲህ ነበር። መለኪያዎቹን ይዛ የምትለካው ሌንሴ ራሷ ነበረች፤ እሱም በሳምንት አንዴ ነው። የየቀኑን ለኦፕሬተሮቹ እጅና ጆሮ ትታዋለች። ጠዋት እየዞረች ትጠይቃለች፣ መልሱን ትመዘግባለች።

«ሞላ፣ ሀርሜ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

የሌላው ፈረቃ ሰው ደግሞ «ፈያ! ገለተ ዋቃ!» ይላል። ምስጋና ለአምላክ ነው እሱም። እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ አልሃምዱሊላህ እል ነበር። ሀርሜ በየቋንቋው ደህና ነበረች።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት የተቃጠለ ቅባት ሸተተኝ። ሀርሜ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ኩሽኔታዋ ነክሶ ያዘና ቀጥ አለች። ጭሱ ከጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ። ትንንሾቹም አንድ በአንድ ቆሙ። ፋብሪካው ጸጥ ሲል ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ገባ፤ እዚያ ውስጥ ሆኜ ባጃጅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወርዶ መዝገቡን አገላበጠ። «ደህና። ደህና። ትናንት ደህና፣ ዛሬ ጠዋትም ደህና። ታዲያ ይሄ ምንድነው?» አለ ወደ ጭሱ እያመለከተ።

ሞላ አንገቱን ደፋ። «አለቃ፣ ትንሽ ትሞቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ... ቆየት ብሏል።»

«ታዲያ ለምን ደህና ናት አልክ?»

ሞላ የምሩን ግራ ገባው። ሲዋሽ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ አፍንጫውን ያሻል። አላሻም። «ሀርሜ እንዴት ናት አሉኝ» አለ። «ምን ልበል ታዲያ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌንሴ ዞረ። «አዲሱ ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው ጊዜሽ። እሱ ሲገጠም ወይ የሚሠራ ዕቅድ ታሳዪኛለሽ፣ ወይ ወደ ሲሬሽ ትመለሻለሽ።»

ሌንሴ ከሀርሜ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ተከተልኳት። ወድቃ ላያት ፈልጌ ነው መሰለኝ፤ ግን ስታለቅስም ታምራለች። እኔ ሳለቅስ አፍንጫዬ ድንች ያህላል። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ሰዓዳ፣ ምሳ በልተሻል?» አለችኝ። በዚህም ቀናሁባት።

በማግስቱ የፋጉሎው ክምር አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ፋጉሎ ኑጉ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ለከብት የሚሰጠው ነው። እናቷ ከሲሬ ደወሉ። እጇ ግሪስ በግሪስ ስለነበር ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ እኔ በአማርኛ አደርገዋለሁ።

«አሸማ ሌንሴ! እንዴት አደርሽ?»

«ፈያ። ሀርሜ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

«ፈያ! ሁላችንም ፈያ፣ ገለተ ዋቃ!»

«አባዬስ?»

«ፈያ!»

«ላሟስ?»

«ፈያ! ጎረቤቱም ፈያ፣ በቆሎውም ፈያ። ያንቺስ ሥራ እንዴት ነው?»

«ፈያ» አለች ሌንሴ፣ ዓይኗ እንዳበጠ።

«ገለተ ዋቃ። በይ እንግዲህ ካርዴ እንዳያልቅ፣ ደህና ዋይ። እ... ሌንሴ፣ አባትሽ ግን ከማንጎው ላይ ከወደቀ ወዲህ ቀኝ እጁን አያነሳም።»

«ምን? መቼ ነው የወደቀው?»

«ቆየ እኮ።»

«አሁን ደህና ነው አላሉኝም?»

«ደህናማ ነው! እንዴት ነው አልሽኝ፣ ደህና ነው አልኩሽ። ስለ እጁ መች ጠየቅሽኝ?»

ሌንሴ ወዲያው ወንድሟ ጋ ደውላ አባቷን ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል እንዲያመጣ ነገረችው። አጥንቱ ተሰብሮ ኖሯል፤ ኋላ ታክሞ ዳነ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን አልተነሳችም። ወደ ቆመችው ሀርሜ አየች። ከንፈሯን ነከሰች፤ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰዓዳ» አለችኝ፣ «ሞላ እኮ አልዋሸም።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ሀርሜ እንዴት ናት አልኩት። እናትህ እንዴት ናት እንደማለት እኮ ነው! እናቱ ብትታመምስ፣ ማን ነው ገና በሰላምታው ታማለች የሚል? መጀመሪያ ደህና ይባላል፤ ሌላው ኋላ ይመጣል። እኔ የኋላውን ሳልጠብቅ ጽፌ እሄዳለሁ። ማሽን ስከታተል አይደለም የከረምኩት፤ ሰላም ስላት ነው የከረምኩት።»

እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። ያንኑ ስልክ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ፋጉሎ ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። እናቴም ስትደውልልኝ እንዲሁ ናት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። እሷ ዕቅድ አወጣችበት። እኔ ላሟ ምን ዓይነት ትሆን እያልኩ ነበር።

በዚያው ቀን ሰሌዳውን አስጠርጋኝ እንደ አዲስ ጻፈች። «እንዴት ናት» የሚለው ጠፋ። በእሱ ቦታ «ከትናንት ምን ተለየ?» ገባ። መለካቱንም የየቀን አደረገችው። ለካ የሚለካ ሁሉ አንድ ቦታ ካልለካ ቁጥሩ አይነጻጸርም፤ ስለዚህ በየኩሽኔታው ቤት ላይ ቀይ የቀለም ነጥብ አደረገች፣ መለኪያው እዚያ ላይ ብቻ እንዲያርፍ። ቁጥሩ እዚህ ሲደርስ ለኦቦ ገመቹ ይነገር፣ እዚህ ሲደርስ ማሽኗ ትቁም ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ፣ ዙር ላይ «ደህና» ያለ ሰው ሻይ ይጋብዛል።

ሻይ ያልጋበዘ አልነበረም።

«ሞላ፣ ከትናንት ምን ተለየ?»

«ደህ...» አፉን በመዳፉ ይይዛል። «ግራ ጎኗ ሞቃለች! ትናንት እጄን አሳርፌ ነበር፣ ዛሬ አልታገስ አለኝ!»

ነገሩ ከማሽን ክፍሉ ወጣ። ያረፈደ ሰው ሲገባ «ከትናንት ምን ተለየህ? ሚስትህ አልለቅ አለችህ እንዴ?» ይሉታል። ባኬ ጃማ ሰፈር ያለችው የምሳ ቤት ባለቤት እንኳ ሠራተኞቻችንን ስታይ «ዛሬ ወጡ ከትናንት ምን ተለየ?» ማለት ጀመረች። ሰው ሁሉ በሌንሴ አፍ ይናገር ነበር።

እናቴ እንኳ አልቀረችም። በዚያ ሰሞን ከአንገር መጥታ ልታየኝ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ነበር። «እንዴት ነሽ እማዬ?» አልኳት፤ «ደህና፣ አልሃምዱሊላህ» አለችኝ። ሌንሴ ስታልፍ አየቻት፤ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «እማማ፣ ካለፈው ክረምት ምን ተለየ?» አለቻት፣ እየሳቀች። እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ «ይሄ የግራው ዓይኔ ነው ልጄ፣ ጉም ጉም ይለኛል» አለቻት። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ሐኪሙ ሞራ ነው አለ፤ ተገፈፈላት። ዛሬ እናቴ አጥርታ የምታየኝ በሌንሴ ምክንያት ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን ለምን ለእሷ?

ኩሽኔታው መጣ፤ ሀርሜ ተነሳች። ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቁጥሮቹን አንብቦ ይሄዳል። ጥቂት ሳይቆይ የሀርሜ የወዲያኛው ጎን የንዝረት ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ። ሙቀት የላትም። ኦቦ ገመቹ ካቻቢቴውን ደግፈው «ለእኔ ምንም አይሰማኝም» አሉ። ሌንሴ ግን በየቀኑ የሚወጣውን ቁጥር በጣቷ እየተከተለች፣ «ገና መንቀጥቀጥ ላይ ናት። ጊዜ አለን» አለች። መለዋወጫው አስቀድሞ ታዘዘ። ፋብሪካው በሚያርፍበት በእሑድ ቀን ኩሽኔታውን ፈቱት። ቀለበቱ ላይ ጤፍ የምታህል ጉድጓድ ነበረች።

ሥራ አስኪያጁ ብርሃን ላይ አዟዙሮ አየው። «ይህቺ ናት?»

«ይህቺ ናት» አለች ሌንሴ። «ብንተዋት ጭስ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ የሲሬን ስም አላነሳም።

እኔን በዙሯ ታስከትለኝ ጀመር። ሽጉጡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሷ እስክሪብቶውን ታሳርፋለች። አንዴ ትንሿ መጭመቂያ አጠገብ ስንደርስ እንደ ምንም ድምፅ አውጥቼ «ይህቺ ተለውጣለች፤ ኩሽኔታዋ ነው» አልኳት። ተንበረከከች፣ የማሽኗን እግር ዳሰሰች። «ኩሽኔታዋ አይደለም፤ ቡሎኗ ላልቷል። ግን መለወጧን ሰምተሻል። የተጠየቅሽው እሱን ነው» አለችኝ። ተሳስቼ እንኳ የምታመሰግነኝ እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየው ያውቀዋል።

ከዚያ የስኳር ፋብሪካው ወሰዳት። ሥራ አስኪያጁ ከመሄዷ በፊት ዙሩን ሁሉ ከነመለኪያዎቹ የሚረከብ አንድ ሰው እንድትመርጥ ነገራት። ሰሌዳው ላይ «የዙር ኃላፊ» ብላ ጻፈችና ቦታውን ባዶ ተወችው። «የምጽፈው መጥቶ እፈልገዋለሁ ያለኝን ሰው ነው» አለች ለሁሉም። ከየፈረቃው ሄደው ነገሯት። «አስባለሁ» ብላ ትመልሳቸዋለች። ሞላ ብቻ «እኔስ ሻይ መጋበዙ በቃኝ» ብሎ ቀረ።

እኔ አልሄድኩም። በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች፤ «ሰዓዳ፣ የምትፈልጊው ነገር አለ?» በየጠዋቱ «ምንም፣ ደህና» እላለሁ። ቤት ስገባ ለአክስቴ ግድግዳ እነግረዋለሁ። ጠዋት ስመጣ መጀመሪያ የማየው ያንን ባዶ ቦታ ነው፤ አቧራውን እጠርግለታለሁ።

በመጨረሻዋ ቀን ኦቦ ገመቹ ካቻቢቴውን ሰጧት። ለማዳመጥ አይደለም፤ ለሁልጊዜው። «ኢንተላ ኮ፣ ውሰጂው» አሏት። እኔ ቀድሞ የጠረግሁትን ቦታ እንደገና ጠረግሁ። ዛሬ መለኪያዎቹ በእኔ እጅ ናቸው፤ ግን ኦቦ ገመቹ አንዳንዴ ሲጠሩኝ «ሌንሴ!» ይላሉ። ዞር ስል «ኦ፣ ሰዓዳ» ይላሉ። ቁጥር ስሳሳት ደግሞ «ሌንሴ ብትሆን» የሚል አይጠፋም። «ኮ»ዋን ገና እየጠበቅሁ ነው።

ሻንጣዋን ይዤ መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በመንገድ ላይ «ሥራ አስኪያጁ ስሙን ዛሬ በስልክ ይጠብቃል» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጨመርኩም። ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እኔ ከሥር ቆምኩ።

«በሰላም ግቢ» አልኳት።

«አሜን። ለእማማ ሰላም በይልኝ፣ ለዓይናቸው።»

«እሺ። ለአባትሽም፣ ለእጃቸው።»

«አሜን። ኦቦ ገመቹን ጠብቂልኝ።»

«እሺ። ደህና ሁኚ።»

«አንቺም ደህና ሁኚ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሌንሴ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለች፤ ከንፈሯን ነከሰች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ሁኔታዋ እንኳ ታምር ነበር። እኔ ምን እንዳልኩ ዛሬ ሰሌዳው ላይ «የዙር ኃላፊ» ከሚለው ጎን በስሜ ተጽፏል። እሷ የመለሰችልኝ ነገር ካለ የአውቶቡሱ ጩኸት ዋጠው፤ ከዚያ ወዲህም ድምፅዋን አልሰማሁም። ከአፏ የሰማሁት የመጨረሻው ይህ ነው፦

«ሰላምታውን ጨርሰናል፣ ሰዓዳ። አሁን ንገሪኝ።»